በየጠዋቱ ውሃ የጠጣው ሎረል

በሕንፃችን ምድር ቤት ያለው ሰዓት ሠሪ ሰው አያምንም፤ የሚያምነው ሰዓት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ጆሮው ላይ ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ። ሚስት ያላገባው፣ ይላሉ ደረጃው ላይ የሚያወጉት ሴቶች፣ ጀርባዋን ፈትቶ ማየት ስለማይፈቀድለት ነው። እኔ የለሁበትም፤ የሰማሁትን ነው የማወራው።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ «ቤቴን ልቀቅ» መባል። የእንጀራ አባቱ ገና በልጅነቱ ብሎታል፤ ከዚያ በኋላም ያላለው አከራይ የለም። ስለዚህ የአሁኗ አከራዩ ልጃቸው ዘንድ ሊከርሙ ሲነሡ ጠርተው፣ ሳሎናቸው መስኮት ሥር በገንቦ የተተከለውን ሎረል ሲያሳዩት ወደ በሩ አፈገፈገ። ቅጠሉን ሾርባ ውስጥ ጣል የሚያደርጉት ዛፍ ነው።

«ሟቹ ባለቤቴ በእጁ የተከለው ነው። ከደረቀ ከነዕቃህ ትወጣለህ፤ ቀልድ እንዳይመስልህ» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ ደርቄ እሱ ይለመልማል!»

«አንተ እንኳን ከዚህም በላይ አትደርቅም። በል፣ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጣው።»

ጣት? እሱ በግምት ሠርቶ አያውቅም። የሱቁን የግድግዳ ሰዓቶች ጠዋት ጠዋት ጠምዝዞ ሲጨርስ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በየቀኑ ካልነኩት ሁሉም ነገር ይቆማል ባይ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ጠምቶታል» ብሎ ጨመረ። ቡናማ ሲሆንም ጨመረ። ኋላ ሳሎኑ ረግረግ ረግረግ መሽተት ጀመረ፤ ግንዱን ነቅነቅ ቢያደርገው ሥሩ እንደ በሰበሰ ጨርቅ ተበጣጥሶ መጣ።

አከራዩ ሊመለሱ ነው ተባለ። አንድ ማለዳ ከዋናው መንገድ አካፋይ ላይ ቅጠሉ ቁርጥ ሎረል የሚመስል ቁጥቋጦ ነቅሎ ሲገባ ዘበኛው አየው።

«ጋሼ፣ ይሄን ምን ሊያደርጉት ነው? ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው መርዝ እኮ ነው!»

«ሱቄን ላሳምርበት ነው።»

ዘበኛው አመነ። እኛም ሰምተን ስቀን አለፍን።

እትዬ መጡ። ገንቦው ውስጥ የተተከለውን ቁጥቋጦ ሎረላቸው መስሏቸው ሲያዩ እልል ማለት ነው የቀራቸው። «እንዲያውም ወፍሯል! ነገ ምሳ እኔ ጋ ነህ» ብለው አቀፉት። «ቅጠሉን ለጊዜው አይቁረጡት፣ ያገግም» ሊል አፉን ከፈተ። ያገግም ካለ ግን ታሞ ነበር ማለት ነው። ዋጠው። ነገ ሳይሠሩ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ አለ።

በማግስቱ ሲወጣ ሾርባው ጠረጴዛ ላይ ይተናል።

«እትዬ፣ ቅጠሉን...»

«ጣል አድርጌበታለሁ። ሽታው ግን ጠፋብኝ፤ አፍንጫዬም አረጀ መሰለኝ። ስለዚህ ደጋግሜ ጨመርኩበት።»

«ቀመሱት?»

«ሳልቀምስማ ለእንግዳ አላቀርብም! ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ አመድ የመሰለው?»

ሾርባ የቀዱበትን ሳህን ከእጃቸው መትቶ ጣለው። እሳቸውም ሊቆጡት ብድግ ሲሉ ሆዳቸውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ፣ «ምን በሉ?» አለ።

«ሾርባ» አሉ እትዬ።

«ምን ያለበት ሾርባ?»

ሰዓት ሠሪው እትዬን አየ፤ እትዬም እሱን። ከዚያ ውሃውን፣ የበሰበሰውን ሥር፣ የመንገዱን ቁጥቋጦ አንድ ሳያስቀር ዘረገፈው። ሐኪሙ ነርሶቹን እየተጣራ ወጣ። የእትዬን የልብ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ድምፁ አንዱ ከአንዱ ራቅ ራቅ ይላል።

እትዬ ትራሱ ላይ ፊታቸውን አዞሩለት። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ነገ... ዕቃህን...» አሉና ትንፋሽ አጠራቸው።

አልጋው ሥር ተንበረከከ።

«ይጨርሱት እትዬ። ውጣ ይበሉኝ። በሞቴ፣ ውጣ ይበሉኝ!»