አሥራ አንድ ቀን የያዝኩት ንድፍ

ለንደን፣ ካምደን ውስጥ የጥንት ሕንፃዎችን በሚያድስ ቢሮ ረዳት መዝጋቢ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ ኮሊን በቅድሚያ እጄን አስታጠበኝ። «ጓንት አንጠቀምም፤ ጣት ያደነዝዛል። ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል» አለኝ። ቀጥሎ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ እርሳስ ሰጠኝ። ቀለም ወደ ክፍሉ አይገባም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዲግሪዬን የያዝኩት ከሦስት ወር በፊት ነው።

ሥራችን አንድ አሮጌ ቤት ከመጠገኑ በፊት የትኛው ክፍሉ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ነው። መዝጋቢው ንድፎቹንና የግንበኞቹን ደብዳቤ እየለየ ቁጥር ይሰጣል፤ መጠኑን፣ ስኬሉን፣ የማን እጅ እንደሆነ ይጽፋል። አጥኚው ሳይት ድረስ ሄዶ ግድግዳውን ያያል። ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው የአጥኚው ስም ነው።

በዘጠነኛው ዓመቴ ስኮትላንድ ውስጥ ያለ የአንድ ርስት ወረቀት በአሥራ አራት ሣጥን መጣ። ትልቁን ቤት፣ የፈረስ ጋጣውን፣ የበር ጠባቂውን ቤት፣ በግንብ የታጠረውን የአትክልት ቦታ ስምንት ወር መዘገብኩ። ቤቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የሠራተኞቹ ደረጃ ስንት እርከን እንዳለው ግን ቢጠይቁኝ እመልስ ነበር። ሳይት ልሂድ ብዬ አመለከትኩ። የተላከችው ሣራ ናት።

ሣራ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ ሆሎዌይ አብረን እናመልካለን። ቢሯችን ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ «አፕላይ አድርጊ» ያልኳትም፣ ማመልከቻዋን ሁለት ጊዜ ያረምኩላትም እኔ ነኝ። በሁለት ዓመት አጥኚ ሆነች።

«እህት አስቴር፣ እዚያ ያለውን ብርድ እርስዎ አይችሉትም» አለችኝ ስትነሣ።

«ብርድ ምን ያደርገኛል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ጠብቄያለሁ» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ስትመለስ ቦቲዋን ማሞቂያው ሥር አስቀመጠች። የዚያ ግቢ ጭቃ ደርቆ ምንጣፉ ላይ ይረግፍ ነበር። «ግድግዳው እኮ፣ እህት አስቴር፣ በመስኮቱ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ውጪውን አልነካሁም» አለች። ብዙ ፎቶ አሳየችኝ። እኔ ግን የቀናሁት በጭቃው ነው።

በረቂቋ ላይ የምዕራቡ ማማ ከሁሉ የቀደመ ነው ብላ ጻፈች፤ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳዎቹም እንደ ምሽግ ጠባብ ናቸው። የምሥራቁን ግድግዳ፣ ልስኑንና ሰፋፊ መስኮቶቹን አይታ፣ የቅርብ ጊዜ ነው አለች። ስለዚህ ጥንታዊው ግንብ እንዳይጎዳ፣ ቤቱ ላይ ሊጨመር የታሰበው የዊልቸር መግቢያ በር በምሥራቁ ግድግዳ እንዲከፈት ሐሳብ አቀረበች።

አንድ ዓርብ፣ ስለ ጋጣው አሸንዳ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ የታጠፈ ንድፍ አገኘሁ። ንድፉ በተሣለበት ዘመን ነባር ግንብ በግራጫ፣ አዲስ የሚሠራው በሮዝ ይቀባ ነበር። የምዕራቡ ማማ ከነመሠረቱ ሮዝ ነው። የምሥራቁ ግድግዳ ግራጫ ነው፤ ሮዝ የተነካው በመስኮቶቹ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ያኔ ሲሰፉ። የሣራ ስህተት የሚያሳፍር አልነበረም። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶች አዲስ ማማ አሮጌ አስመስለው ማሠራት ይወዱ ነበር።

ሣራ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ንድፉን መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። የቤቱ ባለቤት ለንደን የሚመጡበት ስብሰባ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እዚያ፣ በሁሉም ፊት እዘረጋዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። የምናገረውንም ባቡር ላይ አጠናሁት። ከስብሰባው በፊት ግድግዳው አይነካም ብዬ ገመትኩ እንጂ ማንንም አልጠየቅሁም።

በስብሰባው ሣራ ንግግሯን ስትጨርስ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «ነባሩ የምሥራቁ ግድግዳ ነው» አልኩ። ኮሊን ማጉያ መነጽሩን ይዞ ጎነበሰ። ሣራ ረቂቋን አጠፈች። ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ባለቤቲቱ፣ ረጋ ያሉ አሮጊት፣ «የምሥራቁ የምትይው ሐሙስ ዕለት ግንበኞቹ የሙከራ ቀዳዳ የከፈቱበትን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተደፈነ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ተገኝቷል። ሦስት እርከኖች በመዶሻ ተሰብረዋል።

ኮሊን ቀና አለ። «ይህን መቼ አገኘሽው?»

ትናንት ማለት እችል ነበር። «አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል» አልኩ።

«ከቀዳዳው በፊት ማለት ነው።»

«አዎ።»

ስብሰባው ሲያበቃ ሣራ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «ሥራውን ጀምሩ ብዬ በስልክ ኮንፈርም ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቢነግሩኝ አንድ ስልክ ነበር። እኔን ለማሳፈር ከሆነ፣ እሺ። ቤቱ ምን አደረገዎት?»



ሁለቱን እርከኖች ግንበኛው በኖራ መልሶ ገጠማቸው። ሦስተኛው ዱቄት ሆኗል። በሩ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። ሣራ ሪፖርቱ ላይ ስሜን ከስሟ ጎን አስገባች፤ ለዓመታት የተመኘሁት ነበር፣ ገጹን ገልጬ ወዲያው ዘጋሁት።

ዛሬ ዋና መዝጋቢ ነኝ። ሣራ ለአዲስ ሳይት ሻንጣዋን ስትጎትት አሁንም እቀናለሁ። አዲስ ረዳት ሲመጣ ግን እጁን ካስታጠብኩት በኋላ ይህን እነግረዋለሁ፦ የተገኘ ወረቀት በተገኘበት ቀን፣ ለማንም ይሁን፣ ለሚመለከተው ሰው ይነገራል።