ባለቤቴና የተራራው ሻይ

ባለቤቴ ሻይ ቀማሽ ናት። ይህን ስናገር ጸጉሩን የማስተካክለው ደንበኛ ሁሉ «ታድላ! ጠጥታ ደመወዝ?» ይለኛል። መቀስ ይዤ ስለማወራ ብዙ አይከራከሩኝም እንጂ ሥራዋ ቀልድ አይደለም። ማሸጊያ ቤቱ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ስኒዎች በማንኪያ እየቀዳች ፉት ትላለች፣ ትተፋለች፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀላቀል ትናገራለች። እንጀራዋን የምትበላው በአፍንጫዋ ነው።

ዘንድሮ ክፉ ጉንፋን ያዛትና ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ሳሙና አይሸታት፣ ምግብ ሲያር አይሸታት። አለቃዋ ደግ ሰው ነው፤ «የተራራው ሻይ እስኪገባ እንጠብቅሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀማሽ መፈለጉ አይቀርም።

የተራራው ሻይ የሚበቅለው ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ከፍታ ነው። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የሚለቀመው ጥቂት ነው፤ ሽታው ግን ማር ማር ይላል ትለኛለች። የገባ ዕለት አለቃዋ እፍኝ ቋጥሮ ላከላት። በራዱን በፈላ ውሃ አሞቀች፣ ቅጠሉን ጨመረች፣ ከእሳት የወረደ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ከድና ጠበቀች። ቀድታ ፉት አለች።

«እህስ?» አልኳት።

«ሙቅ ውሃ ነው» አለችና በራዱን አጥባ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

ከቀናት በኋላ፣ ጠዋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አየኋት። ትኩስ ነገር እንኳ ትጠጣ ብዬ ከተረፈው ቅጠል ላፈላላት ተነሳሁ። በራዱን ለማውረድ ወንበር ላይ መንጠላጠሉ ሰለቸኝና ማታ ያበሰልንበትን ድስት ለቅለቅ አድርጌ ጣድኩ። ለስኳሩም አልሳሳሁም። ሻዩ ተንተከተከ። ምን ገዶኝ፣ እሷን እንደሆነ አይሸታትም!

ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችና ቀጥ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ በምን አፈላኸው?»

«በ… ድስት።»

«ሽንኩርት በጠበስንበት? የተራራውን ሻይ? ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል እኮ!» ደግማ አሸተተች። ድምጿ ወረደ። «ከሥሩ ማሩ አለ። ማሩ አለ!»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ተመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ። በትዳር ዘመኔ እንደዚህ ደስ ያለኝ ቁጣ የለም።

«በይ ልድፋውና እንደ ወጉ አፍዪው» ብዬ እጄን ብዘረጋ ብርጭቆውን ወደ ደረቷ ሳበች።

«እንዳትነካው!»

እንባዋ እየወረደ እስከ ዝቃጩ ጠጣችው። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋችልኝ።

«ድስቱ ውስጥ ቀርቷል?»