ስም ያልተለጠፈበት ሳህን

ዊልማ ሃውገንን ሳስብ አስቀድሞ የሚመጣልኝ የማኅተሟ ድምፅ ነው። የመመለሻውን ቀን መጽሐፉ ላይ ስትመታ «ጧ» ይል ነበር። ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ እንኳ ማኅተሟን አልተወችም። በእኛ በሃልቮር ከተማ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ የስንዴ አገር፣ ለሠላሳ ስድስት ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበረች።

ዊልማ የማትሽረው አንድ ሕግ ነበራት፤ ማን ምን እንዳነበበ ለማንም አትናገርም። አባቴ አንድ ጊዜ «እኅቴ ምንድን ነው የምታነበው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ቀና ሳትል «ቤትህ አይደለች? ጠይቃታ!» አለችው። ድሮ በየመጽሐፉ ጀርባ ተዋሹ ስሙን በእጁ የሚጽፍበት ካርድ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ ያንን ሁሉ ካርድ አንድ በአንድ ቀድዳ ጣለችው። አንዱን ብቻ አስቀረች።

ያ ካርድ አብረው ስለሚያርሱና ስለሚፋቀሩ ሁለት ሴቶች የተጻፈ የአንድ ልብ ወለድ ካርድ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ዶሪን መጽሐፉን ተዋሰች፣ መለሰች፣ እንደገና ተዋሰች። በአራተኛው ዊልማ አላስቻላትም።

«ገጹ ስንት ቢሆን ነው?»

«ከጨረስኩት ምን ብዬ እመጣለሁ?» አለች ዶሪን።

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት በቢጫው ቤት አብረው ኖሩ። እንደ ባልና ሚስት እንደሚኖሩ የማያውቅ አልነበረም፤ ከተማው ግን «ጓደኛሞቹ» ይላቸው ነበር።

ባለፈው የካቲት ዶሪን በልብ ሕመም ሞተች። በሃልቮር ባሏ የሞተባት ሴት ሁለት ሳምንት ምድጃ አትለኩስም። ሴቶቹ ምግቡን በመጋገሪያ ሳህን ያመጣሉ፤ ሳህኑ እንዲመለስላቸውም ከሥሩ በፕላስተር ስማቸውን ይለጥፋሉ። የሞተችው ግን «ጓደኛ» ነበረችና ለዊልማ አንድ ሳህን ብቻ መጣ። የቱርክ ዶሮ በሩዝ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ዊልማ ብትገለብጠው ስም የለውም። አጥባ ቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረችውና «የማን ነው?» የሚል ወረቀት ጣለችበት። ሦስት ወር ሙሉ ባለቤት ጠፋ።

በግንቦት ዴል ኒሰን የሚባል የትራክተር ነጋዴ የዶሪንን መጽሐፍ አየና ይወገድ ብሎ አመለከተ። «ጨዋ ቤተሰብ በሚገባበት ቤት!» እያለ ከተማውን ዞረ። የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ሰብሳቢ አርደን ክራም ጠብ የማይወድ ሰው ነውና መላ ያገኘ መሰለው። ማንም የማይዋሰው መጽሐፍ በየዓመቱ ይወገድ የለ? ኮምፒዩተሩ ስለዚያ መጽሐፍ ዜሮ ይላል።

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዊልማ ካርዱን ከሹራቧ ኪስ አወጣች።

«አሥራ አንድ ጊዜ ተውሷል።»

«እስቲ አሳዪን» አለ አርደን።

«አላሳይም። የሰው ስም አለበት።»

ዴል ሳቀ። «ምን ዓይነት ማስረጃ ነው የማይታይ? ምነው ሴትዮ!»

«ዊልማ፣ እባክሽ» አለ አርደን ዝቅ ብሎ። «ካላሳየሽኝ እኮ መጽሐፉ ይወጣል።»

«አውቃለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ከነበረው መቀስ አነሳች። የካርዱን የላይኛውን አራት መስመር ቆርጣ ሰብሳቢው ፊት አኖረች።

«እነዚህ የዶሪን ናቸው። የሞተችብኝ እኔ ነኝ፤ እነዚህን ማሳየት እችላለሁ። የቀሩት የእኔ አይደሉም።» ከዚያ የቀረውን እዚያው ፊታችን ብጭቅጭቅ አድርጋ ኪሷ ከተተችው።

አርደን የዶሪንን ፊርማ ሲያይ ቆየ። አውቶቡሷን ሁላችንም ተሳፍረናል፤ እሱም ልጆቹም።

«ይሄ የድሮ ነው፣ ዊልማ» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ወዲህስ? ለመጨረሻ ጊዜ የተወሰደው መቼ ነው?»

«ዛሬ» አለ አንድ ድምፅ።

ወይዘሮ ኢንጋ ነበሩ፣ የዴል እናት፣ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ!» አለ ዴል።

«አንተ ቁጭ በል። ሳትወለድ ነው ማንበብ የጀመርኩት።» ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ወደ ዊልማ ጠረጴዛ ሄዱ። «መዝግቢልኝ፣ ልጄ። እንደገና ልውሰደው።»

«እንደገና» ሲሉ ሰው ሁሉ የተቀደደው ካርድ ወዳለበት ወደ ዊልማ ኪስ አየ። ዊልማ መጽሐፉን ገልጣ «ጧ» አደረገችው።

ወይዘሮ ኢንጋ ግን አልሄዱም። ሳህኑን እያዩ «እሱንም ስጪኝ፣ የእኔ ነው። ስም መለጠፍ ረስቼ ነው» አሉ። በሃልቮር ስም መለጠፍ የምትረሳ ሴት አልተፈጠረችም፤ እሳቸውም ያውቁታል። «አልረሳሁም» አሉ ዝቅ ብለው። «ፈርቼ ነው።»

ዊልማ ከመሳቢያዋ ፕላስተር ቆረጠች፤ «ኢንጋ ኒሰን» ብላ ጻፈችበትና ከሳህኑ ሥር ለጠፈች። ከዚያ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

አርደን ወደ እኔ ዞረ። «በሰው እጅ ያለ መጽሐፍ አይወገድም። ደንብ ነው። ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ።

በማግሥቱ በቢጫው ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሳህን ተደርድሯል። ሦስት ወር ዘግይቷል፤ ዊልማ ግን ሦስቱንም አስገባች። አንዱ የእኔ ነው፤ ከሥሩ ስሜ አለበት።