በርበሬ ይሰጣበት የነበረው መታጠፊያ

ልጆቹ ይንገሩን ብለው ያዙኝ። አንዷ የእህቴ የልጅ ልጅ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራ የከተማ ፕላን ነው የምትሠራው፤ ሰፊ ወረቀት አልጋዬ ላይ ዘርግታ፣ ይኼ ዋናው ጎዳና ከመውጣቱ በፊት እዚህ ምን ነበር አለችኝ። ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ ነጭ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ወዲህ፣ ቀጥ ያለ መስመር ወዲያ፣ መሃሉ ባዶ። እኔ ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ወዲህ ነው፤ የወረቀት ነገር ብዙም አይሆንልኝም። ያቺን ቦታ ግን አላጣኋትም። ቤቴ ነበረች። አሁን ይኼን ለማውራትም ጉልበት ይጠይቃል፤ ግን ልጆች ከጠየቁ ምን ይደረጋል።

ፍኖተ ሰላም የገባሁት ከቡሬ ገጠር ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። ባሌ በወባ ሞተብኝ። ወንድሞቹ መሬቱን ሲካፈሉ መሃላቸው ቆሜ መታየቴ ከበዳቸው፤ እኔም ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። መጀመሪያ ቡሬ ከተማ ተቀመጥሁ። ከዚያ ዱርቤቴ ዘመድ ዘንድ ከረምሁ። ደጋ ላይ ያለችው ፈረስ ቤት ከተማም ወጥቼ ነበር፤ እዚያ ብርዱ አባረረኝ። እግሬ ድሮም አያርፍም። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ግን ሰለቸኝ መሰለኝ፣ ከአንድ ባለ ርስት ላይ ቁራሽ መሬት ተከራይቼ ጎጆ ቀለስሁ። ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የሰው። ያኔ እንዲህ ነበር፤ ከሠፈራችን ሰው የቆመበት መሬት የራሱ የሆነ አልነበረም።

ሠፈራችን ከመኪናው መንገድ ወደ ታች የምትወርድ ጠባብ መንገድ ነበረች። አህያ ከነጭነቷ ከመጣች ሰው አጥር ላይ ይለጠፋል። ከላይ ጠላ ሻጯ፣ ከእሷ ዝቅ ብሎ እስላሙ ሸማኔ፣ ከእሱም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚታጠፍበት ላይ፣ እኔ። በርበሬ ነበር የምሸጠው። ከቡሬ በጭነት መኪና ይመጣልኛል፤ ደጄ ላይ ሰሌን ዘርግቼ አሰጣዋለሁ፤ ቀንጥሼ፣ ወቅጬ፣ ለጠላ ቤቱም ለመምህራኑም እሸጣለሁ።

በዚህች መንገድ የኔታ በየማለዳው ያልፋሉ። የኔታ ከመኪናው መንገድ አጠገብ፣ በሰው ግቢ በተሰጣቸው ጎጆ የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ቅኔ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር ነበሩ። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ነው የወሰደባቸው አሉ። መሪ አይወዱም። ተማሪ እጃቸውን ሊይዝ ሲል፣ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ አንተ ኋላዬ ና ይሉታል። መቋሚያቸውን አጥር እያስነኩ ይወርዳሉ። ጌሾ ከሸተታቸው ጠላ ቤቱ ነው። መወርወሪያው ሲሄድ ሲመጣ ከተሰማቸው ሸማኔው ነው። ከዚያ ያስነጥሳቸዋል፤ ያ እኔ ነኝ።

«ይማርዎት የኔታ። እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የአንቺን ቤት ለማግኘትስ ዓይን አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል።»

ይኼን ሳይሉኝ ያለፉበት ቀን የለም፤ እኔም ሳልስቅ የቀረሁበት ቀን የለም። ሁሉም ቤት ከየደጁ ሰላም ይላቸዋል። ሸማኔው እግሩን ካስገባበት የሽመና ጉድጓድ ሳይወጣ፣ እጁም ሳያርፍ፣ እንዴት አደሩ ይላል። ሰላምታ የጠፋበት ቤት ካለ የኔታ ደጁ ላይ ይቆማሉ፤ መቋሚያቸውን አንዴ መሬት መታ አድርገው፣ «ማን ታመመ?» ይላሉ። እውነትም የታመመ አይጠፋም። በሽታችንን ከማንም በፊት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡ። ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው፣ ሰንሰለት እየጎተቱ፣ ችካል ይቸክላሉ። የገበያ ቀን ስለነበረ የገጠሩ ሰው ሰንሰለቱን ሲያይ መሬታችን በቀላድ ተለክቶ ግብር ሊጣልበት ነው ብሎ አህያውን እየነዳ ገበያውን ጥሎ ወጣ። እኛ የከተማዎቹ ሳቅንባቸው። የሚለካው የእኛው ደጅ መሆኑን ያወቅነው አንዱ ችካል ጠላ ቤቱ ውስጥ፣ ከጋኑ አጠገብ ሲተከል ነው።

ጠላ ሻጯ ችካሉን ዞራ አየችው። «ይኼስ ሳይጠጣ የሰከረ ነው» አለች። ለዚያ ቀን እንኳ አሳቀችን።

ኋላ ነገሩን አስረዱን። ከመኪናው መንገድ እስከ እህል ገበያው ሰፊ ጎዳና ይወጣል፤ ጭነት መኪና ሳይታጠፍ ይገባል፤ ከተማው ያምራል። ክፉ አሳብ አልነበረም፤ ዛሬም አልለውም። የመሬቱ ጌቶች በሌላ ቦታ ይተካላቸዋል። ለእኛ ለጎጆዎቹ ደግሞ ወደ ላህ ወንዝ አቅጣጫ ቦታ ይሰጠናል ተባለ። ቦታው ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በጋም ቢሆን ከሥሩ የማይደርቅ ነው። ሸማኔው ሄዶ በእንጨት ጫር ጫር አደረገና ጉድጓዴ ኩሬ ይሆናል ብሎ ዕቃውን ሸክፎ ቡሬ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ጠላ ሻጯ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ወጥታ ክፍል ተከራየች። ወደ ላህ የወረድሁት እኔና ከታች ያሉ ጥቂት ሰዎች ነን። ጎረቤት የነበረ ሰው በገበያ ቀን ብቻ የሚገናኝ ሆነ።

ቤቶቹ የፈረሱት ከመስቀል በኋላ፣ ጭቃው ሲደርቅ ነው። የጮኸ ሰው አልነበረም። የእኔ ጎጆ ምሰሶዋ ሲነቀል ከጣሪያው ሥር የከረመ የበርበሬ ብናኝ ተነሣና አፍራሾቹ ሁሉ ያስነጥሱ ጀመር። ሥራቸውን ትተው ዳር ቆመው ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ ከሩቅ ላያቸው የሚያለቅሱልኝ ይመስሉ ነበር።

ጎዳናው ወጣ። ግራና ቀኙ እስከ ወገብ የሚደርስ የጎርፍ ቦይ ተቆፈረ። በሱቆቹና በትልልቆቹ ግቢዎች ደጅ የድንጋይ መሻገሪያ ተሠራ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚታጠፍበት በእኔው ቦታ ላይ ግን ምንም አልተሠራም፤ የሚያይ ሰው ይዘለዋል።

የኔታ እዚያ ወደቁ። አጥር የለ፣ ጌሾ የለ፣ መወርወሪያ የለ፣ በርበሬ የለ፤ በምን ይወቁት? እኔ የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። ጭናቸውን ክፉኛ ተጎድተው ተማሪዎቻቸው ተሸክመው ወሰዷቸው አሉ። ለቤቴ አቤት ያላልሁት ሴትዮ ያን ቀን ከገበያ ቀጥ ብዬ ወደ መሐንዲሱ ሄድሁ። የሌላ አገር ሰው፣ ለጋ፣ አንደበቱ የተቀጣ ልጅ ነበር፤ ጎዳናው ዳር ወረቀቱን ድንጋይ ጭኖበት ያያል። መሻገሪያ ጠፍቶ መምህር ወደቁብን አልሁት። አጎንብሶ በጣቱ ፈለገ።

«እህቴ፣ እዚህ ላይ መሻገሪያ ፕላኑ ውስጥ የለም።»

«የኔታስ አሉበት?»

አልገባውም። «የት?»

«ፕላኑ ውስጥ።»

ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «ሰው አይሣልበትም እኮ። የሚሣለው መንገዱ ብቻ ነው።»

ላመለክት እችላለሁ ብሎኝ ነበር። አመልክቶም ይሆናል። ድንጋዩ ግን አልመጣም። ኋላ የቅኔ ተማሪዎቹ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አጋድመው ሄዱ። ሁለት አጣና ለሚያይም ያንሸራትታል። የት ጋ እንደተጋደመስ ለየኔታ ማን ይነግራቸዋል? መሪ እንደሁ አይዙም። ሌላ ጊዜ ቢወድቁ የሚነሡ አልመሰለኝም።

ስለዚህ እኔ መምጣት ጀመርሁ። የኔታ ድነው ወጡ በተባለበት ሰሞን ከላህ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ፣ ያን ጭቃ ዳገት ወጥቼ፣ ድሮ ደጄ ከነበረው ቦታ ከአጣናው ራስ ላይ ቆምሁ። ቤቴ መፍረሱን የሚነግራቸው ሰው ባይኖር ብዬ ተመኘሁ፤ በእኔ ደግሞ ማዘናቸው ምን ያደርጋል። ከላይ በኩል መጡ፣ እንደ ድሮው፤ እርምጃቸው ብቻ አጥሯል።

«እንደምን አደሩ የኔታ?» አልሁ፤ ድሮ በምልበት ድምፅ።

ቆሙ። አላስነጠሳቸውም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ቤትሽ ሰፋ» አሉኝ። «ድምፅሽን ግድግዳ አልመለሰውም።»

«ሰፋ፣ የኔታ።»

«ከሰፋ እንግዳ አይጠበውም። እመጣለሁ።»

እንግዲህ የቅኔ ሰው ነገር ነው ብዬ ተውሁት። ድምፄን ተከትለው መቋሚያቸውን አጣናው ላይ አሳረፉ፤ ቀስ ብለው ተሻግረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። ስንት ክረምት እንደሆነ አልቆጠርሁትም፤ የማስታውሰው እግሬን ነው። የላህ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ቤቴ ውስጥ ያለው እርጥበት በርበሬውን ያሻግተዋል፤ ከሰጣሁት ይልቅ የደፋሁት ይበዛል። ጎረቤቴ የሆነችው ሴት፣ ለሰው ደህና አደሩ ለማለት ዳገት የምትወጣ አንቺን ብቻ አየሁ እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አንዳንድ ቀን ማን አስገደደኝ እላለሁ። ግን ያ ቦይ ፊቴ ይመጣብኛል። ቆም ብዬ ሰላም ካላልሁ ይወድቃሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ወባ ጣለኝ። ሁለት ማለዳ ቀረሁ፤ በሦስተኛው ዱላ ተደግፌ ወጣሁ። የኔታ ከቦዩ ወዲያ ማዶ ቆመዋል። አልተሻገሩም። መቋሚያቸውን አንዴ መሬት መታ አድርገው፣ «ማን ታመመ?» አሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያለው አየር ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ የኔታ። ተሽሎኛል።»

«እግዜር ይመስገን» ብለው ተሻገሩ።

በመጨረሻ እኔው ደከምሁ። የላህ ጎጆ አንድ ክረምት ውሃ ገባባት፤ የቀረኝ በርበሬ ሁሉ ጠቆረ። ቡሬ የቀረችው እህቴ ነይ አለችኝ። ለየኔታ መንገሩ ነበር የከበደኝ። አጣናው ራስ ላይ ቆሜ፣ ከነገ ወዲያ አልመጣም፣ ቡሬ መሄዴ ነው፣ እባክዎ አንድ ተማሪ ይያዝዎት አልኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉ፤ ባረኩኝ።

«ሂጂ ልጄ። እንግዲህ እኔም አርፋለሁ» አሉ።

ይኼን ቃል ይዤ እስከ ቡሬ አለቀስሁ። ዕድሜያቸውን ነው የነገሩኝ አልሁ። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ያን መታጠፊያ ላየው ፈልጌ ዞርሁ፤ ከመኪናው መንገድ ላይ አይታይም ነበር።

የኔታ ያረፉት ከዚያ በኋላ ቆይተው ነው፤ ለልቅሶው አልደረስሁም። ዘመን ተለወጠ፤ መሬቱም ከባለ ርስቶቹ ወጣ። እኔም ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬዬን ዘርግቼ አረጀሁ። አንድ ቀን ነጭ የጠመጠሙ ቄስ ሊገዙ ጎንበስ ሲሉ አስነጠሳቸው። ይማርዎት አባ አልሁና የኔታን አነሣሁ፤ አፍ ያመልጣል። እሳቸውም ያኔ ከቅኔ ተማሪዎቹ አንዱ ኖረዋል፤ አጣናውን ካጋደሙት ውስጥ ነበሩ። እኔ እንዳይወድቁብኝ ስል በየማለዳው ከላህ እወጣ ነበር ብዬ ነገርኋቸው። ቄሱ በርበሬውን ከእጃቸው አኖሩ።

የኔታ ከወደቁበት ቀን ወዲህ ከመኪናው መንገድ አጠገብ አልኖሩም ነበር አሉኝ። ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከትምህርቱ ዛፍ ሥር ጎጆ ሠርተውላቸዋል። ከአልጋቸው ተነሥተው ደጃቸው ላይ ቢቀመጡ ማስተማር ይችሉ ነበር፤ ያን ጎዳና የሚያስረግጣቸው ምንም ጉዳይ የላቸውም። እሳቸው ግን እኔ ከተማውን እስክለቅ ድረስ በየማለዳው በኋለኛው በር ይወጣሉ፤ ገና ባልፈረሰው አጥር በኩል፣ የድንጋዩን ቅጥር በእጃቸው እየዳሰሱ ዳገቱን ይዞራሉ፤ ከላይ ጎዳናው ላይ ይደርሱና ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ያን ቦይ ተሻግረው ወደተነሡበት ይመለሳሉ። ተማሪዎቹ፣ የኔታ ይወድቃሉ፣ ወዴት ነው ሲሏቸው፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚመልሱላቸው አሉኝ ቄሱ፤

«አንዲት ቤት አለችኝ፤ ደህና አደርሽ ብያት ልምጣ።»