ድንቅቱና የጃንሆይ ዘመን ቤዝ

ፉሪ ዳገት ላይ የምትኖረው ድንቅቱ የጊታር ዕድሜ ታውቃለች ይባል ነበር። ገበሬ የበሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን እንደሚናገር፣ እሷም ጊታር ሲሰጧት ጭኗ ላይ አጋድማ ጀርባውን ኳ ኳ ታደርግና «ይሄ የጃንሆይ ዘመን ነው»፣ «ይሄ የደርግ ነው»፣ ወይም ከንፈሯን ጣል አድርጋ «ይሄ የአሁን ነው» ትላለች። የሰበታና የቡራዩ የሠርግ ባንዶች ያገለገለ ጊታር ከመግዛታቸው በፊት እሷ ጋ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። የጃንሆይ ከሆነ ይገዛል። የደርግ ከሆነ ይታሰብበታል። የአሁን ከሆነ «ለእሳት ይሆናል» ብላ ትሸኛቸዋለች። ጃንሆይ ባሕር ማዶ ባለ የጊታር ፋብሪካ ውስጥ ምን አገባቸው ብሎ የጠየቃት የለም።

ይህን ሕግ የተማረችው በሃያ ዓመቷ፣ ሰበታ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ነው። የፋብሪካው የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጦር ግንባር ሲሄድ፣ አሠልጣኙ ሠራተኛውን አሰልፎ የእያንዳንዱን ጣት ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የምትውለው ድንቅቱ ከወንዶቹ ሁሉ በርትታ ተገኘች። አሠልጣኙ ቤዙን ሲያስረክባት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ይህ የጃንሆይ ጊዜ ሥራ ነው። ያኔ እንጨቱን ዓመታት ያደርቁት ነበር። በኋላ ባለቤቱ የጊታር ፋብሪካውን ለትልቅ ኩባንያ ሸጠው፤ ጥድፊያ ገባ፤ ሥራውም ተበላሸ» አላት። በዚያን ጊዜ የንጉሡን ዘመን ማመስገን ያስጠይቅ ስለነበር የተናገረው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የተነገረ ነገር ደግሞ ይታመናል።

በሰባ አምስት የፋብሪካውን አናጢ ዲሪርሳን አገባች። በሰማንያ ሦስት ቡድኑ ሲበተን አኮርዲዮኑም ከበሮውም ባለቤት አገኘ፤ ቤዙን የፈለገው ስላልነበረ ተሸክማ ወደ ቤቷ ገባች። ዲሪርሳ ስለ ሙዚቃ ብዙ አይናገርም። ቤዙን ስትጫወት «ግድግዳ ውስጥ ንብ ገባ እንዴ?» ብሎ ወደ ማሳው ይሄዳል። እሷም አቧራ ሊጠርግለት እንኳ ቢጠጋ «ሂንቱቂን፤ እንዳትነካብኝ» ትለዋለች፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ አልሰማሁም እንዳይል።

ከእሷ ጋር የማይስማማው የህያ ነበር። ሰበታ ገበያ አጠገብ ከሚስቱ ከራቢአ ጋር አዲስ ጊታርና ድምፅ ማጉያ ይሸጣል። «ሰውም እንደ ጊታር በዘመኑ ከተመዘነ እኔ የደርግ ልጅ ነኝ፤ ልጣል?» ይላታል። «አንተማ ይታሰብብሃል» ትለዋለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የተነሳ አገሩ ሲታመስ፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር። ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ብዙ ነው፤ ሠርግም ይተላለፋል። አንድ ሐሙስ ግን ረጭ ያለ መስሏት ድንቅቱ ቤዟን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰበታ ወረደች። አንዱ ክር ያለ ቅጥ መንዘር ጀምሮ ነበር፤ ክር ደግሞ ከየህያ ሌላ የሚሸጥ የለም። ሱቁ ስትደርስ ዳዲ የሚባል የባንድ መሪ አዲስ ቻይና ሠራሽ ቤዝ ሊገዛ ጫፍ ደርሷል። ድንቅቱ ተቀብላ ኳ ኳ አደረገችው።

«እንጨቱ አልደረቀም። ለእሳት ይሆናል» አለች። ዳዲ ቤዙን አስቀምጦ ወጣ።

«እትዬ ድንቅቱ፣ ክር ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሱቄን ሊያዘጉ?» አለ የህያ።

ሱቁን ያዘጋው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ የሚቃጠል ጎማ ሸተተ፤ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ በር ተከረቸመ። የህያም በሩን አወረደ። ሦስቱ ውስጥ ተቀመጡ። ራቢአ ለእህቷ ደወለች፤ ድንቅቱ ለዲሪርሳ ብትደውል አልገባላት አለ። ጩኸቱ እየራቀ ሲሄድ፣ መንገዱ ግን በድንጋይ እንደተዘጋ ሲቀር፣ ሰዓቱ አልሄድ አላቸው።

«የሚነዝረው አንገቱ ላልቶ እንደሆነስ?» አለች ራቢአ። «ለምን ፈታችሁ አታዩትም?»

ድንቅቱ ሌላ ቀን ቢሆን እሺ አትልም። የዚያን ቀን ግን ሐሳቧ ፉሪ ስለነበር «ፍታው» አለች። የህያ በካቻቢቴ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አንገቱን ከገላው አላቀቀ። አንገቱ ሥር በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ነበር፤ ወር ሦስት፣ ዓመት ሰባ አምስት።

«በፈረንጅ ነው» አለ የህያ፣ ፊቱ እየበራ።

«ስምንት ቀንስ» አለች ድንቅቱ ቶሎ ብላ።

«ስልሳ ሰባት።»

«ታዲያስ። በስልሳ ሰባት ጃንሆይ ነበሩ።»

«መስከረም ሁለት ወርደዋል፤ ይሄ መጋቢት ነው። እትዬ፣ ቤዝዎ የደርግ ነው።»

«ስድስት ወር ምን አላት?» አለች ድንቅቱ። «እንጨቱ ቀደም ብሎ ተቆርጦ ይሆናል።»

መጀመሪያ የሳቀችው ራቢአ ናት። የህያ ግን ሳቁን ገታ አድርጎ መጋጠሚያውን ወደ መብራቱ አስጠጋው። በአንገቱና በገላው መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበር። «የዚያን ጊዜ ጊታሮችን ሰው የሚያማቸው በዚህ ነው» አለ። «ግን ይሄ ሁሉ ዓመት እንዴት ጸና?»

መልሱ ክፍተቱ ውስጥ ነበር። በሙጫ የደረቀ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ አቡጀዲ፤ አንዱ ጫፉ ተበልቶ ወድቋል። ድንቅቱ ጠርዙን ዳሰሰችው። የራሷ ፋብሪካ ጨርቅ ነው። እንዲህ አጣጥፎ በሙጫ የሚያጠብቅ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ታውቃለች፤ የቤቷ በር፣ አልጋዋና ጠረጴዛዋ የቆሙት በእንዲህ ያለ አቡጀዲ ነው።

«ዲሪርሳ» አለች፣ ቀስ ብላ።

አሥር ሰዓት ላይ ለእግረኛ መንገድ ሲገኝ፣ የህያ ቤዙን ተሸክሞ እስከ ዳገቱ ሥር ሸኛት። ዲሪርሳ ሊፈልጋት ዳገቱን አጋምሶ ወርዶ ነበር። ደህና መሆኗን ሲያይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የነካኸው?» አለችው።

የምን እንደሆነ አልጠየቀም። «ሰባ አራት ላይ። ምሳ ሄደሽ ነበር። አንገቱ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያኔ ብነግርሽ አታገቢኝም ነበር። ከተጋባን በኋላ ደግሞ ለሰው ሁሉ ‹የጃንሆይ እንጨት ነው› ስትዪ ምን ብዬ ላቋርጥሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት መሳቂያ ስሆን ዝም አልክ።»

«ማን ሳቀ? ድምፁ እኮ ጋሪዳ፤ ጥሩ ነበር።»

ድንቅቱ ከእሱ አፍ ስለ ቤዙ መልካም ነገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ልትቆጣው አስባ የነበረውን ረሳችው።

በማግስቱ ዲሪርሳ ጨርቁን በአዲስ ለወጠው፤ መንዘሩም ተወ። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ሲባል ለአካባቢው ሠርጎች እንደገና ቀን ተቆረጠ፤ ዳዲም ያንን የቻይና ቤዝ ሊያስመረምር ከየህያ ተቀብሎ ፉሪ መጣ። ድንቅቱ ኳ ኳ ልታደርግ እጇን ሰንዝራ መለሰችው። «ይፈታ» አለች። ሲፈታ አንገቱ ከገላው እንደ ቁልፍና ቀዳዳው የገጠመ ነበር። ለረጅም ጊዜ አገላብጣ፣ «አንዳንዱ ሠራተኛ በአሁኑ ዘመንም በሙሉ ልቡ ይሠራል» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ ወዲህ የህያ አንገቱ የላላ ጊታር ሁሉ ወደ ፉሪ ይልካል። የሚመጡት ግን በሩ ላይ «ኦቦ ዲሪርሳ አሉ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ድንቅቱ በሩን ይዛ ትቆምና፣ «አለ፤ ግን መጀመሪያ ዘመኑን እኔ ልየው» ትላለች።