የሁዳ እናት ለቅሶ

ሸዋረግ በመካነ ሰላም ከተማ በአንድ የጅምላ መደብር ጥበቃ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ሥራ ነው። ምላሷ ስለታም ነው እንጂ እጇ ሰው ላይ ተነሥቶ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ባለመደብሩ ክንፈ ባንኮኒው ላይ ያኖረውን ስልክ አጣ። በአካባቢው የነበረችው ስኳር ልትገዛ የመጣች ሁዳ የምትባል ወጣት ብቻ ናት።

«መጋዘን አስገብተሽ ቆልፊባት፤ ፖሊስ እስኪመጣ» አለ ክንፈ።

ሸዋረግ የሁዳን ፌስታል ፈትሻ ምንም አላገኘችም። ሁዳ እጇን ያዘቻት። «እናቴ አቀስታ ከተማ አርፋለች። ስኳሩም ለለቅሶው ነው። ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ፤ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው፤ በአላህ ልቀቂኝ!»

«ሌባ ሲያዝ ለቅሶ አያጣም» አለችና ቆለፈችባት።

ስልኩ ፖሊስ ሳይመጣ ከመደብሩ ጆንያዎች መሃል ተገኘ። ያኔ መኪናው ሄዷል። ሁዳ አቀስታ ስትደርስ እናቷ ተቀብራለች።

ሁዳ ሁለቱንም በፍትሐ ብሔር ከሰሰች። ክንፈ ችሎት ላይ፣ «ጠብቂያት አልኩ እንጂ ቆልፊባት አላልኩም» አለ። ዳኛው ወደ ሸዋረግ ዞሩ።

«አዘውኛል» አለች። «ለቅሶ እንዳለባትም ነግራኛለች። የቆለፍኩባት ግን እኔ ነኝ።»

ዳኛው፣ «ጠርጥሮ ፖሊስ መጥራት ይቻላል። ሰውን ያለ ሥልጣን ቆልፎ ማስቀረት ግን ጥፋት ነው። ትእዛዝ ነው ማለት አንቺን አያድንሽም፤ አንቺ መቆለፍሽም እሳቸውን አያድንም» ብለው ሁለቱም ለሁዳ ካሳ እንዲከፍሉ ፈረዱ። ክንፈ በማግስቱ ሸዋረግን ከሥራ አሰናበታት።

ካሳው አልከበዳትም ለማለት አይደለም። እንቅልፍ የነሣት ግን ሁዳ ሳታጥባት የተቀበረችው እናት ነበረች። በመጨረሻ አቀስታ ሄደች፤ ዘግይታም ቢሆን ለቅሶ ልትደርስ።

የሁዳ አክስት ፈይዛ ማንነቷን ሰምታ መቀመጫ ሰጠቻት። ሁዳ ከጓዳ ወጣች።

«እናቴን ጎረቤት አጠበቻት» አለች።

«አውቃለሁ እህቴ።»

«ይቅር ብያለሁ እንድልሽ ከሆነ የመጣሽው፣ አልችልም።»

«ለእናትሽ ነው የመጣሁት።»

ሁዳ ተመልሳ ጓዳ ገባች። ሸዋረግ ቤት ውስጥ ከነበሩት ሴቶች መሃል አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ስትነሣ ፈይዛ እስከ መንገድ ሸኘቻት። «አላህ በሰላም ያግባሽ» አለቻት። ሁዳ ግን ከጓዳ አልወጣችም።