ሙሉሸዋ የተቀመጠችበት ባልዲ

እትዬ ሙሉሸዋ ጎረቤቴ ናት። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነው የምንኖረው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ፣ የሚያሰክር ነገር በአፌ ዞሮ አያውቅም። እሷ ደግሞ ባልኮኒዋ ላይ በሦስት ትልልቅ በርሜል ጠላ ትጠምቃለች። እግዚአብሔር ጎረቤት ሲመድብ ምን ምን እንደሚያይ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ።

ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ችግሯ ደግነቷ ነው። ቤቷ የገባ ሰው የብርጭቆውን ታች አይቶ አያውቅም። አንዴ ፉት ስትሉ ከኋላ መጥታ ትሞላዋለች። በቃኝ ካላችሁ «በሞቴ» ትላለች፤ ደግማችሁ በቃኝ ካላችሁ ታኮርፋለች። ለእኔ የማያሰክር ቀሪቦ ለብቻ ታዘጋጅልኛለች፤ እሱንም ቢሆን ሳልጨርስ ወጥቼ አላውቅም። ነገር የሚበላሸው በርሜሎቹን በወይራ ስታጥን ነው። ጭሱ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ቤት ነው። አንድ እሑድ አብራኝ የምትዘምር እህት አሽታኝ፣ ቤት ተቃጥሎብኝ እንደሆነ በሐዘን ጠየቀችኝ።

በመጨረሻ ጭሱ የሕንጻችንን ጠባቂ፣ ኬርቴከሩንም አስመረረው። በሯ ላይ መጥቶ ቆመና፣ «ማማ፣ ፍላት ውስጥ ፖምቤ አይጠመቅም፣ ላይሰንስ የለሽም። እስከ ሰኞ ባልኮኒው ይጽዳ፣ አለዚያ ቤቱን ትለቂያለሽ» አላት።

እትዬ ሙሉሸዋ አላለቀሰችም፤ ኦቲዬኖ ዘንድ ሄደች። ኦቲዬኖ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ፣ አንዲት መጋዘን ውስጥ በትንሹ ቢራ የሚጠምቅ ልጅ ነው። እሑድ እሑድ ጠላዋን አያጣም። ፈቃድ አለው፣ ሰው የሚያህሉ የብረት ጋኖች አሉት፣ ባዶ ቦታም አለው። በዚያች በተሰባበረች ስዋሂሊዋ፣ በርሜሎቿን የምታስቀምጥበት ጥግ ለመነችው። እሱም ራሱን ካከከ በኋላ፣ «ማማ፣ ቅዳሜ የአነስተኛ ጠማቂዎች ፌስቲቫል አለ። ከእኔ ጎን ጠረጴዛ አስይዝልሻለሁ። ዳኞቹ ከወደዱት ሰኞ መጥቼ በርሜሎችሽን እጭናለሁ» አላት። ካልወደዱትስ ብላ አልጠየቀችም። ካልወደዱት ሌላ የምትጠምቅበት ቦታ የላትም፤ ሳትጠምቅ ደግሞ ምን እንደምትሆን እኔም ማሰብ አልፈለግሁም።

ዳኞቹ የሚያወሩት እንግሊዝኛ ስለሆነ ለማስተርጎም እኔ ታጨሁ።

«እኔ? ቢራ ፌስቲቫል?» አልኳት።

«ማን ጠጪ አለሽ? አፍሽን ብቻ አውሺኝ።»

የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያየኝ ጥቁር መነጽር አድርጌ ሄድኩ።

ቦታው ሣር የለበሰ ሰፊ ጓሮ ነው። ጺማቸውን ያሳደጉ ወጣቶች የማንጎ ቢራ፣ የቡና ቢራ፣ ስሙን ያልያዝኩት የሌላ ፍሬ ቢራ ይዘው ተደርድረዋል። የመጣው ሰው ሁሉ በትንሽዬ ብርጭቆ ይቀምስና ስለ አንድ ጉንጭ ሩብ ሰዓት ያወራል። እትዬ ሙሉሸዋ ይህን ሁሉ እያየች፣ «እነዚህ ሰዎች ጥም የላቸውም እንዴ?» አለችኝ።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ከጊጊሪ የመጣች ረዥም ፈረንጅ፣ ባለ መነጽር የፓርክላንድስ ህንድና አንድ ወፍራም ዝምተኛ ኬንያዊ። ሌላውን ሁሉ ዞረው ጨርሰው፣ የእኛና የኦቲዬኖ ጠረጴዛ ብቻ ሲቀሩ እኛ ጋ ደረሱ። እትዬ ሙሉሸዋ ለሦስቱም ቀዳች። ፈረንጇ አሸተተች፣ ብርጭቆዋን ወደ ፀሐይ አነሳች፣ ሁለቴ ፉት አለች። «ግሩም ነው፣ ጭሱ ልዩ ነው» ብላ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ከዚያ የተረፈውን፣ ይዘውት በሚዞሩት ባልዲ ውስጥ ድፍት አደረገችው።

እትዬ ሙሉሸዋ ባልዲውን አየች፤ ፈረንጇን አየች።

«ማርቲ፣ ምን ሆኖባት ነው የደፋችው?»

«ወዳዋለች እኮ።»

«የወደዱት ነገር ይደፋል?»

ላስረዳት አፌን ስከፍት ህንዱም የራሱን ሊደፋ እጁን ዘረጋ። እትዬ ሙሉሸዋ እኔን አልጠበቀችም። ባልዲውን ከሥሩ ሳብ አደረገችው፣ በአፉ ገለበጠችው፣ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጭ አለችበት።

ህንዱ ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ሣሩ ላይ እንዳይደፋ እሷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ይጠጣ በይው።»

«እትዬ ሙሌ፣ እነሱ እኮ ደንብ አላቸው...»

«በሞቴ በይው።»

እንግሊዝኛ «በሞቴ» የሚባል ነገር የለውም። «ካልጠጣህ ትሞታለች» አልኩት። ደንግጦ እስከ ታች ጨለጠው። ባዶ ብርጭቆ ያየች ጊዜ ምን እንደምታደርግ ነግሬያችኋለሁ፤ ሞላችለት። ኬንያዊው ማንም ሳያስገድደው ጨርሶ ብርጭቆውን ዘረጋ። ፈረንጇ ዳግመኛ ሲቀዳላት «ሥራ ላይ ነኝ» አለች። ተረጎምኩ።

«ሥራዋ መጠጣት አይደል?» አለች እትዬ ሙሉሸዋ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ፈረንጇ ትንሽ አሰበችበትና ጠጣች።

የቀመሱት እንደሚሉት የእትዬ ሙሉሸዋ ጠላ ሲጠጡት ውሃ ነው፤ ማንነቱ የሚታወቀው ሊነሱ ሲሉ ነው። ዳኞቹ ከእኛ ሲለዩ የህንዱ መነጽር ኬንያዊው ዓይን ላይ ነበር። ዝምተኛው ሰውዬም ስለ እናቱ ብዙ ነገር አጫውቶኛል። እንደዚያ ሆነው ነው ተደጋግፈው ወደ ኦቲዬኖ ጠረጴዛ ያለፉት።

ብዙም ሳይቆይ አዘጋጁ ማይክሮፎን ያዘ። የእኛ ጠረጴዛ ዳኞችን በማስከር ከውድድሩ ተሰርዟል። አንደኛ የወጣው ደግሞ፣ ከሦስቱም ዳኞች ሙሉ ነጥብ ያገኘው የኦቲዬኖ የማንጎ ቢራ ነው። ኦቲዬኖ ስሙን ሲሰማ ሌላ ኦቲዬኖ ካለ ብሎ ዞር ዞር አለ።

ስረዛውን ለእትዬ ሙሉሸዋ ነገርኳት። ዳኞች የሚደፉት እንዳይሰክሩ እንጂ ንቀው አለመሆኑንም ጨመርኩላት።

«ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አለች ቀስ ብላ።

«መች ጊዜ ሰጠሽኝ?»

ከባልዲው አልተነሳችም። እጇን ዘርግታ ይዘነው የመጣነውን በርሜል በጨርቅ ከደነችው። «ያን ሁሉ ጌሾ ለማን እሰጠዋለሁ?» አለች። አንጀቴን በላችው። ስድስት ዓመት ጭሷን ሳማርር የኖርኩት እኔ፣ ያን ሰዓት ጭሱ እንዳይቀር ጸለይኩ።

ኦቲዬኖ ዋንጫውን አቅፎ መጣ። «ማማ፣ ሰኞ ጠዋት ፒክአፕ ይዤ እመጣለሁ» አላት።

«እኛ እኮ ተሰርዘናል» አልኩት እኔ።

«እኔ ያልኩት ዳኞቹ ከወደዱት ነው። ከዚህ በላይ እንዴት ይውደዱት?» ብሎ በአገጩ ጠቆመ። ሦስቱ ዳኞች ሥራቸውን ጨርሰው፣ ባዶ ብርጭቋቸውን ይዘው ከኋላችን ተሰልፈዋል። ፈረንጇ ፊት ናት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞም ቢራዬን አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ መጨረሻ ነበር የምወጣው» አለ።

እትዬ ሙሉሸዋ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ዋንጫውን ከእጁ ተቀብላ ጢም አድርጋ ሞላችለት። ኦቲዬኖ ሁለቴ ፉት አለና፣ የዕለቱ ልማድ ሆኖበት፣ የተረፈውን የሚደፋበት ፈለገ። እሷ ባልዲው ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች።

«በሞቴ» አለችው።

ኦቲዬኖ ከአማርኛ የሚያውቀው ይህችን አንዲት ቃል ነው። ዋንጫውን በሁለት እጁ አንስቶ እስከ ታች ጨለጠው፤ እሷም ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ደግማ ሞላችለት።